ምርኮኛን መግደል የገዳዩ ነውር ነው፦ ስለ ራስ ደስታ ዳምጠው ለወጣ ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን፣ በጣልያን ወረራ ጊዜ የሲዳሞ ገዢና የደቡቡ ጦር አዛዥ ስለነበሩት ስለ ራስ ደስታ ዳምጠው የወጣ አንድ ጽሑፍ ብዙ ሰው ተቀባብሎ አንብቦታል። ጭብጡ ባጭሩ ይህ ነው። ራስ ደስታ ገናሌ ወንዝ ላይ ተሸንፈዋል። በመጨረሻም በውጊያ መሐል አልወደቁም፤ ተማርከው ነው የተረሸኑት። በጊዜው ሕግ ደግሞ የጦር ምርኮኛ ሳይሆኑ ዐማፂ ተብለው የተፈረጁ ሰው ነበሩ። ምርኮኛ ሆኖ ለሞተ ሰው ሕዝባዊ ተቋም የሚሰይም አገር የለም። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ትልቅ ሆስፒታል በስማቸው መጠራቱ የንጉሠ ነገሥቱ አማች በመሆናቸው ያገኙት ነው፤ ስሙ ወርዶ እየተዋጋ ለሞተ ሰው፣ ካልሆነም ስሙ ላልታወቀ ተራ ወታደር ይሰጥ።

ጽሑፉ በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ጸሐፊው ዘር አልቆጠሩም፣ ስድብ ውስጥም አልገቡም። በዚህ ዘመን ይህም ቀላል ነገር አይደለምና አክብሬ አንብቤዋለሁ። ነጥቦቻቸውን ግን አንድ በአንድ ሳየው፣ ከመጨረሻው በቀር የሚቆም አላገኘሁም። ካልተጠቀሰ በቀር ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ከመማረኩ ልጀምር፤ የጽሑፉ መሠረት እሱ ነውና። ጸሐፊው ለዚህ የጠሩት ምስክር አጼ ቴዎድሮስን ነው። መቅደላ ላይ እጄን ለእንግሊዝ አልሰጥም ብለው ሽጉጣቸውን ጠጡ፤ የኢትዮጵያዊ ጀግና መለኪያው ይህ ነው፣ ራስ ደስታ ደግሞ ይህን መለኪያ አላለፉም ይላሉ። የመቅደላውን ሞት የማያከብር ሰው አላውቅም፤ እኔም አከብረዋለሁ። ነገር ግን አንድ ንጉሥ ምሽጉ ተከቦ በመጨረሻዋ ደቂቃ ላይ ያደረገውን አንሥቶ ለወታደር ሁሉ ሕግ ማድረግ ሌላ ጉዳይ ነው። ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ በታኅሣሥ 1929 ጎጀብ ላይ ተከበው እጃቸውን ሰጥተዋል። ጣልያን አገር ተወስደው ፖንዛ በምትባል ደሴት ታሰሩ። (ሞሶሊኒ ራሱ በ1935 ክረምት ከሥልጣን ሲወርድ መጀመሪያ ከተያዘባቸው ቦታዎች አንዷ ይህችው ፖንዛ ናት።) ራስ እምሩ በሕይወት ወጥተው አገራቸውን በአምባሳደርነት አገለገሉ፤ ተከብረውም ኖሩ። ተማርከዋልና ፈሪ ናቸው ያለ ሰው አልሰማሁም፤ ጸሐፊውም እንደማይሉ እገምታለሁ። ታዲያ ተማርኮ የተረፈው የሚከበር፣ ተማርኮ የተረሸነው የሚታማ የሚሆነው በምን ሒሳብ ነው?

ደግሞ እንዴት እንደተማረኩ ማየት ያስፈልጋል፤ ጽሑፉ እዚህ ላይ ቀኑንም ሰውንም አምታትቷል። ራስ ደስታ የካቲት 12 ቀን 1929 ጎጌቲ ላይ እጃቸውን እንደሰጡ አድርጎ ነው የሚተርከው። ጎጌቲ ላይ በጣልያን እጅ የወደቁት የባሌው ገዢ ደጃዝማች በየነ መርዕድ ናቸው፤ ወዲያው ተረሸኑ። ደጃዝማች ገብረ ማርያም ጋሪ፣ አባ ንፍሶ የሚባሉት የዐድዋ ዘማች ሽማግሌ፣ እዚያው እየተዋጉ ሞቱ። ራስ ደስታ ቆስለው ከከበባው ሾልከው ወጡ። የተያዙት ከአምስት ቀን በኋላ የካቲት 17፣ ጉራጌ ምድር ውስጥ ቡታጅራ አካባቢ በትውልድ ቀዬአቸው አጠገብ ነው። የያዟቸውም ለጣልያን ያደሩ ባንዶች ናቸው፤ በያዟቸው ቀን ተረሸኑ። ጎጌቲ ላይ ጦሩ በተበተነበት ዕለት አዲስ አበባ ውስጥ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በጣልያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ወርውረው ነበር፤ ከተማው ሦስት ቀን ሙሉ በደም ታጥቧል። ራስ ደስታ የቆሰለ ሰውነታቸውን ይዘው ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ ሲሉ በነበሩባቸው በእነዚያ አምስት ቀኖች፣ እጅ ሰጥቶ የሚተርፍ መኳንንት ይኖራል ብሎ የሚያምን ሰው አገሩ ውስጥ አልነበረም። የቆሰለ፣ ጦሩ ያለቀበት፣ የሚታደን ሰው ተያዘ። ከዚህ ውስጥ አሳፋሪውን ነገር የሚያየው ዓይን ያየውን ይንገረኝ።

ስለ ገናሌ የተባለው ግማሹ እውነት ነው። ራስ ደስታ ተሸንፈዋል፤ ያውም በከባዱ። ጦራቸውን በወንዙ ዳርና ዳር በረጅሙ መዘርጋታቸው ልክ አልነበረም የሚል ካለም አልከራከረውም። ጽሑፉ የዘለለው ግን ከይርጋለም እስከ ዶሎ ያለውን ነገር ሁሉ ነው። ጦሩ ያንን በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የወረደው በእግሩ ነው፤ ስንቁ በበቅሎና በሰው ትከሻ ነው የሚጓዘው። የሲዳሞን ደጋ የለመደ ሰው የሚወርደው ወባና ተቅማጥ ወደሚቀበለው ቆላ ነው። ከላይ የጣልያን አውሮፕላን አለ፤ ከወገን በኩል የሚነሣበት አንድም የለም። ቦምቡ ላይ የመርዝ ጋዝ ተጨመረበት። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለን ጦር ነው ግራዚያኒ በጥር 1928 በካሚዮንና በብረት ለበስ መኪና በሦስት አቅጣጫ የመታው። በጥምቀት ሰሞን ነገሌ ቦረና በጣልያን እጅ ገባች። ራስ ሙሉጌታ፣ ራስ ካሳ፣ ራስ ሥዩም በሰሜን ያልቀናቸውን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ማይጨው ላይ ያልቀናቸውን ጦርነት፣ ራስ ደስታ በደቡብ ለምን አላሸነፉም ብሎ ለብቻቸው መክሰስ ሚዛን አይደፋም።

ለእኔ ሰውየውን የሚለየው ከሽንፈቱ በኋላ ያለው ዓመት ነው፤ ጽሑፉ ደግሞ ይህን ዓመት በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፎታል። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 በባቡር ወደ ጅቡቲ ወረዱ፤ በሦስተኛው ቀን የጣልያን ጦር አዛዥ ባዶሊዮ አዲስ አበባ ገባ። የራስ ደስታ ባለቤት ልዕልት ተናኘወርቅና ልጆቻቸው በስደቱ ውስጥ ነበሩ። ራስ ደስታ ግን ሲዳሞ ቀሩ። በ1925 ክረምት የንጉሠ ነገሥቱ ልዩ መልእክተኛ ሆነው ዋሽንግተን ሄደው ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር የተገናኙ ሰው ናቸው፤ ውጭ አገር የማያውቁ፣ መሄጃ የሌላቸው ሰው አልነበሩም። ሆኖም ዋና ከተማዋ ከወደቀች ከሰባት ወር በኋላ፣ እስከ ኅዳር 1929 ድረስ፣ ይርጋለም በእሳቸው እጅ ነበረች። ከዚያ ወዲያ ያለው እየተዋጉ ማፈግፈግ፣ እያፈገፈጉ መዋጋት ነው። የተሸነፈ ጦር አዛዥ ዓመት ከወር ሜዳ ላይ አይቆይም፤ የቆየውን ደግሞ «አንድ ጊዜ ገናሌ ላይ ተሸንፏል» ብሎ መዝጋት ፋይሉን ከመሐል መቅደድ ነው።

«እጃቸውን ቢሰጡ ይተርፉ ነበር» የምትል ፍንጭም ጽሑፉ ውስጥ አለች። ለዚች መልሱ ፍቼ ነው። የራስ ካሳ ልጆች ደጃዝማች አበራና ደጃዝማች አስፋወሰን ካሳ በታኅሣሥ 1929 ነፍሳችሁ አይነካም ተብለው፣ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት መሐል ገብተው፣ ፍቼ ላይ እጃቸውን ሰጡ። ተረሸኑ፤ ራሳቸው ተቆርጦ ለሕዝብ ታየ። ታላቅ ወንድማቸው ደጃዝማች ወንድወሰን በዚያው ወር ላስታ ውስጥ ተይዘው ተረሽነዋል። የፍቼ ወሬ ሁለት ወር ሙሉ ራስ ደስታ ጆሮ አልደረሰም ብዬ ማመን ይቸግረኛል።

አሁን ወደ ሕጉ። ጸሐፊው ከሁሉ ይልቅ የተማመኑት በዚህ ነጥብ ይመስለኛል። ክርክራቸው እንዲህ ነው፦ ጣልያን ግንቦት 1 ቀን 1928 ኢትዮጵያን ግዛቷ አድርጋ ዐውጃለች፤ ከዚያ በኋላ መሣሪያ የያዘ ሁሉ በግዛቷ ውስጥ የሚኖር ዐማፂ ነው፤ ዐማፂ ደግሞ የጦር ምርኮኛ መብት የለውም። «ጨካኝ ይሁን እንጂ ሕጋዊ ነበር» የሚል መንፈስ አለው።

ይህ እኮ የሞሶሊኒ ክርክር ነው። ጸሐፊው ሆን ብለው የወሰዱት አይመስለኝም፤ ግን ከዚያ ነው የመጣው። ወራሪ አንድ ከተማ ይዞ በረንዳ ላይ ቆሞ ስለጮኸ አገር አይጠፋም። ከዐዋጁ ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሰኔ 23፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ጄኔቫ ላይ የአባል አገር መሪ ሆነው ተናግረዋል። ብሪታንያ ለጣልያን ሙሉ ሕጋዊ ዕውቅና የሰጠችው እ.ኤ.አ. በ1938 ነው፤ ያን ጊዜ ራስ ደስታ ከሞቱ ዓመት አልፏል። አሜሪካ ጭራሽ አልሰጠችም። የካቲት 1929 ላይ ራስ ደስታ በመንግሥታቸው የተሾሙ፣ የለበሱትን ማዕረግ ያላወለቁ፣ ጦር የሚመሩ አዛዥ ነበሩ። ወታደር ለመሆን ከዚህ ሌላ ምን ያስፈልጋል?

ያም ሆኖ ሕጉ አሻሚ ነበር እንበል። ጣልያኖች ራሳቸው ተምታቶባቸው ነው የረሸኑት ማለት ግን አይቻልም። ራስ እምሩን በታኅሣሥ ሲይዙ ምርኮኛ አድርገው በመርከብ ወሰዱ፤ ራስ ደስታን በየካቲት ሲይዙ ረሸኑ። ሁለቱም ራስ፣ ሁለቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከሄዱ በኋላ የቀጠሉ አርበኞች ናቸው። በሁለት ወር ውስጥ የተለወጠ ሕግ የለም። የነበረው የሞሶሊኒ ቴሌግራም ነው፤ ግንቦት 28 ቀን 1928 ለግራዚያኒ የተላከ፣ ዐማፂ ሆኖ የተማረከ ሁሉ እንዲረሸን የሚያዝ። ትእዛዙ «ምርኮኛ የለም» አይልም። የተማረኩ ይላል፤ ከዚያ ግደሉ ይላል።

ለዚህ ነጥብ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ ግን ከራሱ ከራስ ደስታ ግንባር የመጣ ነው፤ ጸሐፊው ስለ ገናሌ ያን ያህል ጽፈው እንዴት እንዳለፉት ይገርመኛል። ታኅሣሥ 20 ቀን 1928 ገናሌ ወንዝ አጠገብ መልካ ዲዳ በሚባል ቦታ የስዊድን ቀይ መስቀል ሐኪም ቤት ድንኳን ተክሎ ነበር። የመጣው የራስ ደስታን ቁስለኞች ሊያክም ነው። ድንኳኖቹ ላይ ከሰማይ የሚታይ ትልልቅ ቀይ መስቀል አለ። በዚያ ማለዳ የጣልያን አውሮፕላኖች መጥተው ቦምብ ጣሉበት፣ በመትረየስ አጨዱት። አልጋ ላይ የነበሩ ቁስለኞች አለቁ። የቡድኑ መሪ ዶክተር ፍሪደ ሂላንደር ቆሰሉ፤ ጉናር ሉንድስትረም የሚባለው ስዊድናዊ ረዳት ሞተ። ከቦምቡ ጋር ወረቀትም ተበትኗል። ፈራሚው ግራዚያኒ ነው። የሚለውም ባጭሩ፦ የማረካችሁትን አውሮፕላን አብራሪያችንን አንገቱን ቀልታችሁ ገደላችሁ፤ ይህ የሰውንም የዓለምንም ሕግ መጣስ ነው፤ የእጃችሁን ታገኛላችሁ።

አብራሪው ቲቶ ሚኒቲ ይባላል። ከአራት ቀን በፊት ታኅሣሥ 16 ደገሐቡር አካባቢ አውሮፕላኑ ወድቆ ከጓደኛው ጋር የተገደለ ምክትል መቶ አለቃ ነው። ስለ አሟሟቱ የሚነገረው አንድ ዓይነት አይደለም። እጁን ከሰጠ በኋላ የተገደለ ከሆነ ግን ነውር ነው፤ ገዳዮቹ የእኛ ሰዎች ስለሆኑ ነውርነቱ አይቀንስም። እዚህ ላይ ገለልተኛ ለመምሰል ብዬ ሳይሆን ስለማምንበት ነው። ዐድዋ ላይ የጣልያን ምርኮኞችን አብልተን፣ አኑረን፣ ወደ አገራቸው እንደመለስን እንናገራለን፤ እውነት ነው። ከእነሱ ጋር ተማርከው የነበሩ የአስካሪዎች፣ ለጣልያን ተሰልፈው የተዋጉ የኤርትራ ወታደሮች፣ ቀኝ እጅና ግራ እግር እንደተቆረጠ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የምናወራው። የራስ ደስታ ልጅ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ ኅዳር 14 ቀን 1967 ያለ ፍርድ ከተረሸኑት እስረኞች አንዱ ነበሩ፤ የገደሏቸው ጣልያኖች አይደሉም። እጁ የታሰረ ሰው መግደል የአንድ አገር በሽታ ነው አላልኩም።

ያልኩት ይህ ነው፦ ምርኮኛ መግደል ወንጀል ነው ብሎ ወረቀት ያተመ፣ የፈረመና ከአውሮፕላን የበተነ ሰው፣ ከዐሥራ አራት ወር በኋላ ሲዳሞን ይገዙ የነበሩትን ራስ ደስታን ተማርከው ሲመጡ አስረሸነ። ወረቀቱ የወደቀው በራስ ደስታ ጦር መሐል ነበር። «በዘመኑ ሕጉ እንዲህ ነበር» የሚለውን ክርክር ማንም ሊያነሣ ይችላል፤ ግራዚያኒ ግን አይችልም፤ ጸሐፊውም ስለ ግራዚያኒ ሆነው ሊያነሡት አይገባም ነበር።

ከሚኒቲ ሳንወጣ ቀጣዩንም ልመልስ። ምርኮኛ ሆኖ ለሞተ ወታደር ተቋም የሚሰይም አገር የለም ተብሏል። ጸሐፊው ወደ ደቡብ ጣልያን ቢሄዱ የሬጆ ካላብሪያ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ነው የሚያርፉት። ስሙ «ቲቶ ሚኒቲ» ነው። የካላብሪያ ልጅ ነውና አገሩ የወርቅ ሜዳይ ሸለመው፣ አውሮፕላን ማረፊያም ሰየመለት። ይህን የሰየመለት ያ መንግሥት ሬሳውን ለፕሮፓጋንዳ ስለተጠቀመበት ብዙ ማለት ይቻላል። ግን አንድም ጣልያናዊ ተነሥቶ «ተማርኮ ነው የሞተው፤ ስሙ ይውረድ» ሲል አልሰማሁም። ወራሪ ሆኖ መጥቶ በሰው አገር ሰማይ ላይ ሲበር የወደቀው ስሙ ካልወረደ፣ በተወለዱበት ቀዬ አገራቸውን ሲከላከሉ የተያዙት ስማቸው የሚወርድበት ምክንያት አይታየኝም። ስለ ገዳዩ ስም ደግሞ ብዙ አልልም። ግራዚያኒ ጣልያን ውስጥ የተፈረደበት ከጀርመን ጋር በመተባበሩ ነው፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ተፈርዶበት በወራት ውስጥ ወጣ። በኢትዮጵያ ስለሠራው አንድ ቀን ችሎት ፊት አልቆመም። በ2004 ነሐሴ አፊሌ በምትባል ከተማ በሕዝብ ገንዘብ መታሰቢያ ቆመለት፤ ጣልያን ውስጥና በሌላውም ዓለም ያሉ ኢትዮጵያውያን ሰልፍ የወጡት ያን ጊዜ ነው። እኛ በዚህ በኩል የተገዳዩን ስም እናውርድ እያልን ነው።

አማችነት። ራስ ደስታ የንጉሠ ነገሥቱን ልጅ ልዕልት ተናኘወርቅን አግብተዋል፤ ይህ የማይካድ ነው፤ ሹመታቸውንም አግዟል። ግን አማችነት የሚጠቅም ከሆነ የሚጠቅመው ሚያዝያ 24 ቀን ባቡር ጣቢያ ላይ ነበር። ደጃዝማች በየነ መርዕድም አማች ናቸው፤ ባለቤታቸው ልዕልት ሮማነወርቅ ናቸው። እሳቸው ጎጌቲ ላይ ተማርከው ተረሸኑ። ልዕልቲቱ ከልጆቻቸው ጋር ተይዘው ወደ ጣልያን ተጋዙ፤ እ.ኤ.አ. በ1940 ቱሪን ውስጥ ሞቱ፤ ሁለት ልጆቻቸውም እዚያው ቀሩ። ይህ ቤተሰብ ከአማችነት ያገኘው ጥቅም የቱ እንደሆነ ጸሐፊው ቢቆጥሩልን ደስ ይለኛል። እየተዋጋ የሞተው ተረሳ ለተባለው ደግሞ፣ የካቲት 12 ጎጌቲ ላይ እየተዋጉ የሞቱት የደጃዝማች ገብረ ማርያም ስም አዲስ አበባ ውስጥ በየቀኑ ይጠራል። ሊሴ ገብረ ማርያም የሳቸው ስም ነው። አማች አልነበሩም። አብረው የዘመቱ ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ እየተዋጉ አንዱ ተማርከው ሞቱ፤ ከተማዋ ለአንዱ ትምህርት ቤት፣ ለሌላው ሆስፒታል ሰጠች። ይህን ያደረገ ሰው በሁለቱ አሟሟት መካከል ደረጃ አላወጣም፤ ልክም ነበር።

እዚህ ላይ ለራስ ደስታ ወዳጆችም አንድ ነገር ልበል፤ ጸሐፊውን ለዚህ ክርክር ያበቋቸው በከፊል እኛ ነን። በንግግሩም በመጽሔቱም «በጦር ሜዳ ተሰዉ» እያልን እናልፋለን። መማረካቸውን እንደ ገመና እንሸፍነዋለን። የተሸፈነ ነገር ደግሞ አንድ ቀን አንድ ሰው ገልጦ «ይኸው፣ አታልለዋችኋል» ሲል ኃይል ያገኛል። ይህ ጽሑፍ ያገኘው ጉልበት ከዚያ ነው። ሲጀመር ተማርከው ተረሸኑ ብለን ብንጽፍ፣ ጥያቄው ስለ እሳቸው ጀግንነት መሆኑ ቀርቶ ስለ ገዳያቸው ይሆን ነበር። ራስ ደስታ ሆስፒታል ቀጠሮ ያለው ሰው በሩ ላይ ስሙን ያነባል፤ ካርዱ ላይም ስሙ አለ። ራስ ደስታ ማን እንደነበሩ፣ የት፣ መቼ፣ በምን ሁኔታ እንደሞቱ ግን ተራ እየጠበቀ ያለ ታካሚ ቢጠየቅ የሚመልስ ስንት ይገኛል? ብዙው የሚያውቃቸው እንደ ታክሲ መውረጃ ነው።

የቀረው እቀበለዋለሁ ያልኩት ነው። ስለ ተራው ወታደር የተጻፈው ልክ ነው፣ ከልክም በላይ ነው። በገናሌ ቆላ በወባ የሞተው፣ መልካ ዲዳ አልጋ ላይ እያለ በመትረየስ የታጨደው፣ ጎጌቲ ላይ ከደጃዝማቹ ጋር ተይዞ የጠፋው ስም የለውም። ከየካቲት 12 በኋላ በየቦታው ተይዘው ሶማሊያ ደናኔ፣ ቀይ ባሕር ላይ ኖኩራ ደሴት የተጋዙትም እንዲሁ ናቸው። ደናኔ ታስረው የነበሩት ሚካኤል ተሰማ በሰጡት ምስክርነት እዚያ ከገቡት 6,500 ያህል ሰዎች 3,175 ሞተዋል ብለዋል፤ በጨው ውሃ፣ በተበላሸ ምግብና በበሽታ። እነዚህ ሰዎች በቁጥር እንጂ በስም አይታወቁም። ቤተሰባቸው ዕድር ላይ ስማቸውን እያነሣ ጸሎት ያስደርግ ነበር፤ ያ ትውልድም አልፏል።

የማልቀበለው የራስ ደስታ ስም ከወረደ የእነሱ ስም ይወጣል የሚለውን ነው። ከበር ላይ አንድ ስም ቢፋቅ የሚተካው አንድ ሌላ ሹም ይሆናል እንጂ የነገሌው እግረኛ አይሆንም፤ ይህን አገር የምናውቀው ሰዎች በዚህ አንታለልም። ስም የሚገኘው ከሰነድ ነው። የሲዳሞ፣ የባሌና የጉራጌ አርበኞች ማኅበራት መዝገብ፣ የአብያተ ክርስቲያናትና የመስጊዶች የቃል ትውስታ፣ የአያቶች ወሬ፣ ጣልያኖች ራሳቸው የጻፉት ቴሌግራምና የእስረኛ ዝርዝር ተገላብጦ ነው ስም የሚወጣው። አሰልቺ ሥራ ነው፤ ጽሑፍ እንደ መጻፍ አይጣፍጥም።

ስለዚህ ለጸሐፊው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ በሚያልፍበት ቦታ፣ አንድ ጽላት ይቁም። ላዩ ላይ «ራስ ደስታ ዳምጠው፣ የካቲት 17 ቀን 1929 ቡታጅራ አካባቢ ቆስለው ተማርከው በፋሺስት ጣልያን ተረሸኑ» ተብሎ ይጻፍ፤ ተማርከው የሚለው ቃል እንዳይቀር። ከሥሩ በገናሌና በጎጌቲ አብረዋቸው ከዘመቱት ውስጥ ስማቸው የተገኘ ሁሉ ይዘርዘር፤ ወደፊት ለሚገኘውም ባዶ ቦታ ይተው። ደብዳቤውን ለጤና ቢሮው እሳቸው ይጻፉት፣ ብዕራቸው ከእኔ ይሻላል፤ ከእሳቸው ቀጥሎ እኔ እፈርማለሁ።